በዘርፈሽዋል ጓሮ የተገኘው ከሰል

ዝግባ ሥር የምትባለው ቀበሌ ከወልቂጤ በባጃጅ ትደረሳለች፤ ባጃጁ ካልተገለበጠ። የአፈሯ ነገር ተወርቶ አያልቅም። አንድ ሰው ከዘራውን መሬት ላይ ሰክቶ አጠገቡ ቢያሸልብ፣ ሲነቃ ከዘራው ጸድቆ ጥላ ሆኖት አገኘው። ነቅሎ ሊወስድ ቢታገል ሥር ሰዷል። ሰውዬው ዛሬም አለ፤ ያለ ምርኩዝ ሲያነክስ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከላይ ይህን ያበቀለ መሬት ከሥሩ ምን ይዞ ይሆን ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ከሥሩ ያለው ቆጮ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። በየቤቱ ጀርባ የእንሰት ጓሮ አለ፤ እንሰቱ ይፋቃል፣ በራሱ ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይወርዳል፣ ድንጋይ ይጫነዋል። ከዚያ በኋላ ሥራው መጠበቅ ነው። የቅርቡ ለቤት ሰው፣ የቆየው ለእንግዳ።

እትዬ ዘርፈሽዋል ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ጓሮዋ ውስጥ ባሏ በእጁ የቆፈረው ጉድጓድ አለ፤ ውስጡ ያለው ቆጮም እሱ ከተከለው እንሰት የተፋቀ ነው። አልነካችውም። መርካቶ የምትሠራው ልጇ እሌኒ ታጭታለች፤ ለመስቀል አማቾቿ ሊመጡ ቀጠሮ ተይዟል። አማቾቹ የአረቅጥ ሰዎች ናቸው። የአረቅጥ ሰው አንድ ጉርሻ ቆጮ ቀምሶ የተቀበረበትን ዓመት፣ የፋቀችውን ሴት ስም፣ ያን ቀን ተቆጥታ እንደነበርና እንዳልነበረም ይናገራል። ለእንዲህ ያለ አማች የገበያ ቆጮ አይቀርብም።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። ጥቁሪት የምትባለው ወንዝ ሞልታ ዳሯን ናደችው፤ ከተናደው ውስጥ ጥቁር መስመር ብቅ አለ። መሬታቸው ከወንዙ የሚዋሰነው ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ አንድ ቁራጭ ፈልጠው ወሰዱና ምድጃ ላይ ጣሉት። ድንጋዩ ሲያጨስ ዋለ። ጎረቤት ቤታቸው የተቃጠለ መስሎት ውሃ ተሸክሞ ደረሰ፤ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ውሃውን ተቀብለው ጠጡና «ትንሽ ጠብቁ» አሉ። አመሻሽ ላይ ነደደ።

ቁራጩ ወልቂጤ ገባ፤ ከወልቂጤ አዲስ አበባ ገባ። ብዙም ሳይቆይ የምርመራ ፈቃድ የያዘ ኩባንያ ከነማሽኑ መጣ።

መቼም ማሽን ከመቆፈሩ በፊት ሰው መሰብሰብ አለበት። ስብሰባው የተጠራው ጀፎረው ላይ ነው፤ ጀፎረ በቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋው ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፣ ሠርግም ለቅሶም ጠብም እዚያው ነው። ከማዕድን ጽሕፈት ቤት ደረጄ የሚባል ባለሙያ መጣ። የጎጃም ልጅ ነው። ወልቂጤ ከመጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ቆጮ ግን አፉ ገብቶ አያውቅም። ሲጋብዙት «ጨጓራ አለብኝ» ይላል። ከጎኑ የኩባንያው ጂኦሎጂስት ምስጋና ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ገና ወጣት ነው፣ ያደገውም አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው።

«መሬቱ የማን ነው?» አሉ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ፣ ማንም ሳይቀድማቸው።

«የመንግሥትና የሕዝብ ነው» አለ ደረጄ። «እናንተ የይዞታ መብት አላችሁ። ታርሱታላችሁ፣ ትተክሉበታላችሁ፣ ለልጅ ታወርሱታላችሁ።»

«ከሥሩ ያለው ከሰልስ?»

«እሱም የመንግሥትና የሕዝብ ነው።»

«እኛ ሕዝብ አይደለንም?»

«ናችሁ። ግን ብቻችሁን አይደላችሁም።»

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ የቀረው ሕዝብ የት እንደተቀመጠ ለማየት ይመስል ዞር ዞር ብለው ተመለከቱና ተቀመጡ።

ጫት የሚነግደው አብዶ ተነሳ። «አሰላሙ አለይኩም። እኔ እንግዲህ መሬቴን ራሴ ቆፍሬ ባወጣውስ?»

«ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ ማዕድን ያወጣ ሰው በሕግ ይጠየቃል።»

«ፈቃዱን ለኔ ስጡኛ።»

«ቀድሞ የጠየቀ ይቀድማል። እዚህ ቦታ ላይ ኩባንያው ቀድሟል።»

«እኔ እዚሁ ተወልጄ እንዴት ነው የቀደመኝ?»

«በማመልከቻ።»

አብዶም ተቀመጠ። የቆፈራችሁትን ትደፍኑታላችሁ ወይ ተባለ፤ እንደፍናለን ተባለ። ውሃችን ይጠቁራል ወይ ተባለ፤ ይጠናል ተባለ። የባሕር ዛፌ ጥላ የሚያርፍበት መሬትም ይካሳል ወይ ያለ ነበር፤ ለእሱ መልስ አልተሰጠም። ካሳው ለምን ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ ደረጄ በጣቱ እየቆጠረ አስረዳ። «መሬቱ ላይ ላለው። ለቤቱ፣ ለእንሰቱ፣ ለጫቱ፣ ለዛፉ።»

ያኔ እትዬ ዘርፈሽዋል ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

«ላዩ ላይ ላለው አልክ ልጄ?»

«አዎ እማማ።»

«ከሥሩ ላለውስ?»

«ከሥሩ ላለው ካሳ የለም። ከመሬት በታች ያለው የመንግሥት ነው ብያለሁ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እንዲህ፣ ብብቴ ድረስ ያለውም?»

«ጥልቀት አይለይም እማማ። ከመሬት በታች ከሆነ ከመሬት በታች ነው።»

እትዬ ዘርፈሽዋል «እግዜር ይስጥህ» ብላ ተቀመጠች። ሴቶቹ ተያዩ።

ከኋላ የእህቷ ልጅ ኪዱ ባጃጁን ተደግፎ ቆሟል። ወልቂጤ የሚሠራ ነው፤ ስብሰባ አለ ሲባል ግን ተሳፋሪውን አውርዶ ይመጣል። ነገሩ ገብቶታል። «እሷ የምትለው ስለ ቆጮ ነው» ቢል እዚያው ያበቃ ነበር። ሆኖም የሴቶቹ ፊት ሲለዋወጥ አየና ወደ እነሱ ዘንበል አለ።

«አልሰማችሁም እንዴ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በአንድ አገር እንዲህ ብለው ድንች የተከለ ሁሉ ተወሰደበት። ሽንኩርት የተከለ ግማሹ ተወሰደበት። የቆሼ ገበሬ ከሥር የሚበላ ትቶ በርበሬ የሚተክለው ለምን ይመስላችኋል? ከላይ ስለሚያፈራ ነው።»

«ሂድ አንተ ውሸታም» አለችው ባሂራ የምትባለው ጎረቤት። ቤቷ ስትደርስ ግን መጀመሪያ ያየችው ጓሮዋን ነው።

ስብሰባው ሲያበቃ ምስጋና ለናሙና ቁፋሮ የባለይዞታዎቹን ፈቃድ ጠየቀ። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ የእሳቸው መሬት ላይ ብቻ ቢቆፈር እንደሚበቃ አስረዱ፤ ካርታው ግን እትዬ ዘርፈሽዋል ጓሮ ላይም ነጥብ ነበረው። እሷም አላስቸገረችም። «አንድ እንሰት እንዳትነኩብኝ እንጂ ቆፍሩ» አለች። ምስጋና ቃል ገባ። ቃሉንም ጠበቀ፤ መዘዙ የመጣውም ከዚያ ነው።

በዚያው ሰሞን ቡታጅራ የሚኖር የቀበሌው ተወላጅ አረፈ። አይሱዙ ተከራይቶ ትልቅ ትንሹ ለለቅሶ ሄደ። ዝግባ ሥር ለቅሶ የማይደርስ ሰው፣ የራሱ ቀን ሲመጣ ሬሳውን ራሱ ተሸክሞ ይሄዳል ይባላል። እንዲህ ያደረገ አንድ ሰው እንደነበርም ይወራል፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አርፏል። ስለዚህ ቤት የቀረ አልነበረም፤ ከቁፋሮ ሠራተኞቹ በስተቀር። እነሱ ደግሞ ሁሉም ከሩቅ የመጡ ናቸው።

ምስጋና እትዬ ዘርፈሽዋል ጓሮ ገባና አንድም እንሰት የማይነካበት ቦታ ፈለገ። እንሰቱ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። መካከል ላይ አንዲት ገላጣ ቦታ አለች፤ ድንጋይ ተደርድሮባታል። ጥቅጥቅ ያለ የእንሰት ጓሮ መካከል ገላጣ ቦታ የሚኖረው ለምን እንደሆነ በጉራጌ ገና በእግሩ ያልቆመ ሕፃን ያውቃል። ምስጋና ድንጋዮቹን በሥነ ሥርዓት ወደ ጎን አስደረደረና ማሽኑን አስተከለ።

ማሽኑ ሳይጮህ ገባ። ሠራተኞቹ የማይጮህ መሬት ገጥሟቸው ስለማያውቅ የተበላሸ መስሏቸው አጠፉት። ቱቦውን ስበው ሲያወጡት ውስጡ ግራጫ፣ እርጥብ፣ የታመቀ ነገር ተገኘ፤ ላይና ታቹ የጠቆረ ቅጠል ነው። ሽታው ለብቻው ባርኔጣ ያስወልቃል።

ምስጋና ተንበርክኮ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከሰል ማለት ዱሮ የተቀበረ ዕፅዋት ነው ተብሎ ተምሯል። ይኸው ዕፅዋት ነው። ይኸው ተቀብሯል። የናሙናው ሳጥን ላይ «ለጋ ከሰል፣ የቅጠሉ ቅሪት ገና በዓይን ይታያል» ብሎ ጻፈና አዲስ አበባ ላከው።

ቤተ ሙከራው ቢያነደው ነደደ። አመዱ ኢምንት ሆነ፤ እርጥበቱ ብቻ በዛ ተባለ። ሲነድ በወጣው ሽታ የተነሳ ሁለት ሠራተኞች ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አሞናል ብለው ወጥተው ክትፎ ቤት ተቃጥረው እንደተገኙ ይወራል። ምን እንደነካቸው ግን ለማንም አልተናገሩም፤ እነሱም አላወቁትም።

ለቀስተኞቹ ከቡታጅራ ሲመለሱ እትዬ ዘርፈሽዋል ጉድጓዷ መካከል ስኒ የሚያሾልክ ክብ ቀዳዳ አገኘች። እንሰቶቿን አንድ በአንድ አየች፤ አንዱም አልተነካም። ጎረቤቶቿ መጥተው ቀዳዳውን ከበቡት።

«የመንግሥትን ድርሻ ቀምሰው ነው የሄዱት» አለች ባሂራ። «ጥልቀት አይለይም ብሎ የለ?»

«ከቀመሱ ሊወስዱት ነው» አለች ሌላዋ።

በማግስቱ ዝግባ ሥር ቆጮዋን ከመሬት በላይ ማውጣት ጀመረች። ጉድጓዱ ሁሉ ተከፈተ። ቆጥ ላይ የሰቀለ አለ፣ ጣሪያ ማገር ላይ ያንጠለጠለ አለ፣ ዛፍ ላይ ያወጣም አለ። አልጋ ሥር ያለ ቆጮ ከመሬት በላይ ነው ወይስ በታች ተብሎ ባልና ሚስት ተጣልተው ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሽማግሌዎቹ ወለሉን እስካልነካ ድረስ ከበላይ ነው ብለው ፈረዱ። ሽታው ወልቂጤ ገባ። የጅማ አውቶቡስ ተሳፋሪዎች ቁርስ በልተው ተነስተው ወልቂጤ ሲደርሱ እንደገና ራባቸው። ክትፎ ቤቶቹ ወንበር አጥተው ሰው ቆሞ በላ። ከተራራ የወረደ አንድ ጅብ ደግሞ ሽታው ከየትኛው ቤት እንደሚመጣ መምረጥ አቅቶት ሳይበላ ነጋበት።

ይሁንና ቆጮ አየር አይወድም። ደረቀ፤ ከዚያ ሻገተ፤ ከዚያ ዝንብ ሰፈረበት። ስንት ዓመት የተጠበቀ የእንግዳ ቆጮ ለከብት ተጣለ፤ ከብቱም አልበላውም።

እትዬ ዘርፈሽዋል ብቻ የሷን አላወጣችም። ቀዳዳውን በቅጠል ወትፋ ድንጋዩን መለሰችበት። ለምን ሲሏት «የኔ ታውቋል፤ ካወቁት በኋላ መደበቅ ሌብነት ነው» አለች።

ወሬውን ከወልቂጤ ይዘው የመጡት ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ናቸው። ደስ ሳይላቸው ነው የነገሯት።

«ከሰል ተገኘ አሉ። አንቺ ጓሮ።»

«እኔ ጓሮ?»

«ጥልቀቱም የሰው ቁመት አይሞላም አሉ። እኔ ከወንዝ ዳር ፈልጬ አጨስኩ፣ ተቃጠልኩ፣ ሳልኩ፤ አንቺ ለቅሶ ሄደሽ አገኘሽ። አጣሪ ቡድን ይመጣል። ካረጋገጡ ኤክስካቫተሩ የሚገባው ባንቺ በኩል ነው፤ ጓሮሽ ከዳር እስከ ዳር ይነሳል።»

«እንሰቱስ?»

«ላዩ ያለው ይካሳል፤ ሰምተሻል።»

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ሲወጡ ኪዱ ገባ። እትዬ ዘርፈሽዋል ጓሮዋ ውስጥ ከእንሰቶቹ መካከል ቆማለች። እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ስለዚህ አልተነጋገሩበትም።

«እትዬ» አለ ኪዱ «ያ ያወጡት እኮ ከሰል አይደለም። ቆጮሽ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሂጂና ንገሪያቸዋ።»

«ጠይቄያቸዋለሁ። በሰው ፊት ተነስቼ ጠየቅኩ። ጥልቀት አይለይም አለኝ። ከዚህ በላይ ምን ልበል?»

ኪዱ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ወልቂጤ ሄዶ ጽሕፈት ቤቱ ገባና «ያገኛችሁት ቆጮ ነው» አለ። የተሳቀው ሳቅ ደረጃ ላይ ተሰማ። እዚያ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከእነሱ አንዱን ባጃጁ ላይ አሳፍሮ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በሌሊት ተነስቶ ወደ ቡታጅራ ሊዛወር ነው ብሎ ዕቃውን ያስጠቀለለው እሱ ነው። ኪዱ ሲዋሽ ያመኑት ሰዎች እውነት ሲናገር ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ባጃጁ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ሲያስበው ዋለ።

አጣሪዎቹ የመጡት ዝናብ ባለበት ቀን ነው። መኪናቸውን ጭቃ ያዘውና እዚያው ትተውት በእግር መጡ። ደረጄና ምስጋና እትዬ ዘርፈሽዋል ደጃፍ ሲደርሱ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው፤ ቁርስም አልበሉም። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ፣ አብዶና ባሂራ ከኋላ ተከትለው ገቡ። ኪዱ ቀድሞ ተገኝቷል።

«እማማ፣ እኛ የመጣነው...» አለ ደረጄ።

«ግቡ» አለች።

በዝግባ ሥር እንግዳ ለምን መጣህ ተብሎ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው። ሳይበላ ጉዳዩን የተናገረ እንግዳ ሊያዋርድ እንደመጣ ይቆጠራል። ለእንግዳም የሚቀርበው የቆየው ነው። እትዬ ዘርፈሽዋል ቤቷ ውስጥ ለራሷ የምትበላው ለጋ ቆጮ ነበራት፤ ዓይኗ አርፎበት አለፈ። ቢላዋዋን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ኪዱ ተከተላት።

«እትዬ፣ ለአማቾችሽ ያልሽውን?»

«ከነሱ በፊት እነዚህ መጡ።»

«ጓሮሽን ሊወስዱ እኮ ነው የመጡት።»

«ከበሉ በኋላ ይውሰዱት። ድንጋዩን አንሳልኝ።»

ድንጋዩን አነሳላት። ቀዳዳው ባለበት በኩል እየቆረጠች አወጣች፤ ጨምቃ፣ ከትፋ፣ በቅጠል ጠቅልላ ጋገረችው። ጎመን ቀረበ፤ አይብ ቀረበ፤ ቅቤው ቀልጦ ፈሰሰበት።

«እኔ እንኳ ጨጓራ አለብኝ» አለ ደረጄ።

«ለጨጓራ ነው ይሄ» አለች ባሂራ።

ደረጄ ለወጉ ያህል ቆረሰ። ከዚያ ሌላ ቆረሰ። ጨጓራው የት እንደገባ አልታወቀም። ምስጋና ቀና ብሎ ያየ አልመሰለም፤ እትዬ ዘርፈሽዋል ስትጨምርለት ብቻ ባርኔጣውን ነካ ያደርጋል። ሳህኑ ሁለት ጊዜ ተሞልቶ ሁለት ጊዜ ታየ፤ ማለት ታቹ ላይ የተሳለው ሥዕል ታየ።

እጅ ተታጠበ። እትዬ ዘርፈሽዋል ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«አሁን ንገሩኝ። ለምን መጣችሁ?»

«ክምችቱን ለማየት ነው እማማ» አለ ምስጋና። «ከሰሉን።»

«ግባና እይ።»

ምስጋና ካርታውን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ሌሎቹም ወጡ። ጉድጓዱ ክፍት ነው። ግራጫው፣ የጠቆረው ቅጠል፣ ግማሹ የተቆረጠው ክብ ቀዳዳ ፊቱ ተዘርግቷል። ምስጋና ጎንበስ ብሎ ጉድጓዱን አሸተተ። ቀና ብሎ ጣቱን አሸተተ። እንደገና ጉድጓዱን አሸተተ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«አሁን የበላኸው ነዋ» አለችው ባሂራ።

ምስጋና ካርታውን አጠፈ። ደረጄ ግን መንግሥትን ወክሎ የመጣ ሰው ነው፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንዲህ በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም» አለ። «ናሙናው ተመርምሯል። ከሰል ነው ተብሎ በደብዳቤ መጥቷል። እኔ ተነስቼ አይደለም ማለት አልችልም።»

«ልክ ነው» አለ ኪዱ። «መዝገብ መከበር አለበት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ አቶ ደረጄ። ከሰል ማዕድን ነው አይደል?»

«ነው።»

«ያለ ፈቃድ ማዕድን ያወጣስ ምን ይሆናል ነው ያሉት ያን ቀን?»

«በሕግ ይጠ...» ብሎ ደረጄ አቆመ።

ዝናቡ የእንሰቱን ቅጠል ይመታል።

«እኔ ጎመኑን ብቻ ነው የነካሁት» አሉ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ።

«ወላሂ ሁለቴ ነው የጎረሱት» አለ አብዶ።

«ማውጣቱ አንድ ነገር ነው» አለ ኪዱ እየሞቀው። «በቅቤ አድርጎ መብላቱ ደግሞ ሌላ ክስ...»

«ኪዱ፣ ተው» አለች እትዬ ዘርፈሽዋል። «እንግዳ በበላው አይከሰስም። ቤቴ ነው የበሉት።» ወደ ደረጄ ዞረች። «የበላኸው ይባረክልህ ልጄ፣ ለሱ መልስ አልፈልግም። ስብሰባው ላይ ለጠየቅኩህ ግን እንደገና መልስልኝ። ከመሬት በታች ያለው ሁሉ የመንግሥት ነው?»

ደረጄ ከጉድጓዱ ጎን ካለው ድንጋይ አንዱ ላይ ተቀመጠ።

«ሁሉም አይደለም እማማ። መሬት ራሷ የሠራችው ማዕድን ነው የመንግሥት። ሰው በእጁ የቀበረው የቀባሪው ነው።»

«ብብት ድረስም ቢሆን?»

«የፈለገውን ያህል ቢጠልቅ።»

«ያን ቀን እንዲህ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ያን ቀን አልበላሁም ነበር» አለ ደረጄ።

ምስጋና ሲቆፍር ለምልክት የተከለውን፣ ቀይ ቀለም የተቀባውን ችካል ከጉድጓዱ ጥግ በራሱ እጅ ነቀለው። ቃለ ጉባኤው ላይ ክምችቱ ቆጮ መሆኑ፣ ይህም በአጣሪዎቹ በራሳቸው መረጋገጡ ሰፈረ፤ እንዴት እንደተረጋገጠ አልተጻፈም። ሁሉም ሊፈርም ሲል ባሂራ መሐል ገባች።

«እኔ በእናንተ ቃል የተነሳ ቆጮዬን ቆጥ ላይ ሰቅዬ ሻገተብኝ። ካሳው እንዴት ይሆናል?»

«እንግዲህ ቆጮ...» አለ ደረጄ።

«ላዩ ላይ ላለው ካሳ አለ ብለሃል። ሲሻግት ላይ ነበር።»

ደረጄ ይህን ጥያቄ ጽፎ ይዞ ሄደ። ጥያቄው ዛሬም ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ነው፤ መልሱን የሚያውቅ ባለሙያ ሲፈለግ ሁለት ሰዎች ዝውውር ጠይቀዋል።

ኩባንያው ማሽኑን ወደ ጥቁሪት ወንዝ አወረደ። እስካሁን ጥናት ላይ ነን ይላሉ። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ከወንዙ ዳር ያለውን ቁራሽ መሬት ሳያርሱ ይጠብቃሉ፤ ሙሉ በሙሉ ባዶ እንዳይሆን ግን ጠርዙ ላይ እንሰት ተክለዋል፣ ላዩ ላይ ያለው ይካሳልና።

ለመስቀል የአረቅጥ ሰዎች መጡ። እትዬ ዘርፈሽዋል የተረፈውን ቆጮ አቀረበች፤ ለሁሉም አልበቃ ብሎ እሷ ሳትበላ ዋለች። የሙሽራው አባት ጉርሻቸውን አኝከው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዓመቱን ተናገሩ፤ ልክ ነበር። የተከለው ሰው አሁን በሕይወት እንደሌለ ተናገሩ፤ ልክ ነበር። ከዚያ ከጓሮ ተቆርጦ የመጣውን ጥሬውን አዩና ጠርዙ ላይ ያለውን ክብ ስርጉድ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይሄስ ምንድን ነው? እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።»

እሌኒ ወደ እናቷ አየች። ኪዱ አፉን ሊከፍት ሲል አክስቱ ቀደመችው።

«መንግሥት ናሙና ወስዶበት ነው» አለች። «አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ተመርምሯል።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። አማችነቱም በዚያው ጸና።

እሳቸው ይህን አረቅጥ ገብተው አወሩት። አሁን ወልቂጤ ገበያ ቆጮ ሊገዛ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀዳዳውን ነው። ቀዳዳ የሌለው ገና ያልተመረመረ ነው እየተባለ በርካሽ ይሸጣል። ገበያው ዳር አንድ የውሃ ቱቦ ቁራጭ ባጃጁ ላይ ጭኖ ለሻጮች የሚያከራይ ሰው አለ ይባላል። ኪዱ ተጠይቆ እሱ አለመሆኑን ተናግሯል።